«የአየር ንብረት ስደተኛ» ስለሚባለው አጠራር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ባሕር መሬታቸውን እየወሰደባቸው ስላሉት የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ነዋሪዎቹን «የአየር ንብረት ስደተኞች» ይላቸውና፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ዓለም አቀፍ ሕግ ለእነሱ ያዘጋጀው ምንም ነገር እንደሌለ ይናገራል። ጉዳዩን ማንሣታችሁ የሚያስመሰግን ነው፤ ይሁን እንጂ አጠራሩ በሕግ የማይታወቅ፣ አባባሉም ከእውነቱ የራቀ በመሆኑ፣ ለረጅም ዘመን ሥነ ዜጋ ሳስተምር የኖርሁ ጡረተኛ እንደመሆኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እ.ኤ.አ. በ1951 የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሣ መሳደድን ፈርቶ ከሀገሩ የወጣን ሰው ነው። ውሃ ሃይማኖት ጠይቆ አይገባም። የፓስፊክ ደሴት ሀገር የሆነችው የኪሪባቲ አንድ ዜጋ በኒውዚላንድ ጥገኝነት ጠይቆ የተከለከለውና በ2015 ከነቤተሰቡ ወደ ደሴቱ የተመለሰው በዚሁ ምክንያት ነበር። አቤቱታውን የመረመረው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም በጥር 2020 ይፋ ባደረገው ውሳኔ አልፈረደለትም፤ አመልካቹ ደሴቱ ለመኖሪያነት እንዳትበቃ ትሆናለች ያለው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ መንግሥቱ ሕዝቡን ለመጠበቅ ርምጃ ሊወስድ ይችላል ሲል ነበር የወሰነው። ነገር ግን ጽሑፋችሁ የዘለለው ዋናው ነጥብ እዚያው ውሳኔ ውስጥ ይገኛል፤ የአየር ንብረት ለውጥ የሰውን በሕይወት የመኖር መብት ለከፋ አደጋ ወደሚያጋልጥበት ስፍራ መንግሥታት ማንንም አስገድደው መመለስ እንደማይገባቸው ኮሚቴው አስቀምጧል።

ሌላዋ የፓስፊክ ደሴት ሀገር ቫኑዋቱ መርታ ባቀረበችው ጥያቄ መነሻነት ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ሐምሌ 23 ቀን 2025 (ከአዋጆች ቁጥር በቀር ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰጠው የምክር አስተያየት ይህንኑ ወደ አደጋ ያለመመለስ ግዴታ አጽንቶታል። ፍርድ ቤቱ ሌላም ከባድ ጥያቄ ገጥሞት ነበር። በ1933ቱ የሞንቴቪዴዮ ስምምነት መሠረት ሀገር ለመባል የተወሰነ ግዛት፣ ቋሚ ሕዝብ፣ መንግሥትና ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመመሥረት አቅም ያስፈልጋል፤ ታዲያ ግዛቱ ውሃ ውስጥ የገባ ሀገር ከነሕዝቡ ምን ይሆናል? የፍርድ ቤቱ መልስ አንድ ጊዜ የቆመ ሀገር ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዱን ስላጣ ብቻ ሀገርነቱ የግድ ይቀራል ማለት እንዳልሆነ ነው። የምክር አስተያየት እንደ ፍርድ አያስገድድም፤ ቢሆንም ከዚህ በኋላ «ሕግ የለም» ማለት አይቻልም።

ወደ እኛ ልመለስ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ባሕሩ እዚህ እስኪደርስ ገና ብዙ ውሃ ይጠበቅበታል። የሕንፃችን ጥበቃ ግን የመተሐራ ልጅ ነው። እዚያ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ለዚህም አጥኚዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃ ነው። ጨዋማው ውሃ የልጁን ቤተሰብ የግጦሽ መሬት ውጦታል። ጋዜጣችሁን አንብቤ ስመልስለት የደሴቶቹን ፎቶግራፍ ትኩር ብሎ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ እኛ ታዲያ ምን እንባላለን?» አለኝ። «ተፈናቃይ» ስለው ሣቀ። ተፈናቃይማ ስንዴ ለመቀበል የሚሰለፍ ሰው ነው ብሎ ነው የሚያምነው።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለዚያ ሣቅ ሲባል ነው። ውሃ ከቤቱ የሚያስወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድንበር አይሻገርም። ቱርካና ሐይቅ ሞልቶ፣ ኦሞም ከዳሩ ወጥቶ በዳሰነች ወረዳ ብዙ ሺህ ሰዎች ሲፈናቀሉ መጠለያ የፈለጉት እዚያው አካባቢ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ስደተኛ ስንለው፣ የራሱ መንግሥት ያለበትን ዕዳ አንሥተን ማን እንደሆነ በማይታወቅ «ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ» ትከሻ ላይ እንጥለዋለን። ተፈናቃይ ስንለው ግን ባለዕዳው ይታወቃል። በ2009 የተፈረመውና ሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው፣ በሀገር ውስጥ የተፈናቀሉ ሰዎችን የሚመለከተው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአንቀጽ 5 የአየር ንብረት ለውጥን በስም ጠርቶ፣ በእርሱ ምክንያት የተፈናቀሉትን መጠበቅና መርዳት የመንግሥት ግዴታ መሆኑን ደንግጓል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ይህን ሳያደርግ የቀረ መንግሥት ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል ይላል።

ድንበር ለተሻገረውም ቢሆን አፍሪካ ከ1951ዱ ስምምነት የሰፋ በር አላት። በ1969 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ የሚያውክ ሁኔታ ያሰደደውንም ሰው ስደተኛ ይለዋል፤ የእኛም የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ይህንኑ ተቀብሏል። በ2011 ድርቅና ጦርነት አንድ ላይ ሲያባርሯቸው ዶሎ አዶ የደረሱትን ሶማሌዎች የተቀበልናቸው ከሁለቱ የትኛው እንዳመጣቸው ለይተን አልነበረም። በእኔ አስተያየት በጎርፍም ሆነ በባሕር መሬቱን ላጣ ጎረቤት ሕጉ በዚያው መንፈስ መነበብ አለበት።

በ2027 ሠላሳ ሁለተኛው የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጥ ስለ ደሴቶቹ ብዙ መነገሩ አይቀርም፤ ይገባቸዋልም። ከዚያ አስቀድሞ ግን ጋዜጣችሁ የካምፓላን ስምምነት አንቀጽ 5ና 12 እንዳለ በአማርኛ አትሞ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥበቃችን ማንበብ ይችላል፤ እኔ ስነግረው ግን አላመነኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ