ዕዳ የሚከፍል ሰውም መቆጠብ አለበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቤት ብድር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ምክራችሁ ባጭሩ «መጀመሪያ ዕዳችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ ቆጥቡ» ነው። በሒሳብ ደረጃ ልክ ናችሁ። ጎንደር ላይ በብድር ቤት ለሚኖር ሰው ግን ይሄ ምክር ጉድ ሊሠራው ይችላል። እኔ የምለው ወለዱ የበዛውን ዕዳ ቶሎ ዝጉ፣ የቤቱን ብድር በልኩ ክፈሉ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ትንሽም ብትሆን የማትነካ ገንዘብ ይኑራችሁ ነው።

መጀመሪያ የብድሩን ሆድ እንየው። የማንም ባንክ ዋጋ አይደለም፣ ለምሳሌ ያህል ነው። 300,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በ15 ዓመት የሚከፈል እንበል። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 3,600 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 3,000ው ወለድ ነው። ከዋናው ብድር የምትቀነሰው 600 ብር ብቻ ናት። ሰውዬው ሦስት ዓመት ሳያዛንፍ ቢከፍል ከ129,000 ብር በላይ አውጥቷል። ቀሪ ዕዳው ግን አሁንም 274,000 ብር አካባቢ ነው። ባንክ ሄዶ ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ የለም። «ተሳስታችሁ ነው» ብሎ የሚጨቃጨቅም አይቻለሁ። አልተሳሳቱም፣ ብድሩ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

የዚያኑ ያህል በየወሩ 600 ብር ተጨማሪ ብትከፍሉ 15 ዓመቱ ወደ 10 ዓመት ተኩል ይወርዳል። ከ110,000 ብር በላይ ወለድም ይቀራል። እናንተም ያላችሁት ይህንኑ ነው። ግን አንድ ነገር ዘላችኋል። ተጨማሪውን ብር ስታስገቡ «ከዋናው ይቀነስልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ካልጠየቃችሁ፣ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ በምበደርበት ባንክ ስጠይቅ አንዱ ሠራተኛ አንድ ነገር ነገረኝ፣ ሌላው ሌላ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውና እንደሌለውም ውሉን አንብቡ። ውሉ «ወለዱ ሊለወጥ ይችላል» የሚል ከሆነ ደግሞ ከላይ ያስቀመጥኩት ስሌት ሁሉ አብሮ ይለወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ለቤቱ ብድር የከፈላችሁትን ተጨማሪ ብር ባንኩ አይመልስላችሁም። ልጅ ሲታመም «ባለፈው ያስገባሁትን ስጡኝ» ማለት የለም። እና ያን ጊዜ ባዶ እጁን የቆመ ሰው የት ይሄዳል? አራጣ ቤት ነዋ።

የአራጣን ነገር በቁጥር እንየው። 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ይከፍላል። ወለዱ ከዋናው በለጠ፣ ዋናው ግን አልተነካም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ይሄኛው በዓመት 120 በመቶ ነው፣ አሥር እጥፍ። አራጣ በወንጀልም ያስቀጣል፣ ግን ማን ከሶ? አበዳሪው ጎረቤት ነው፣ ወረቀቱም የሚጻፈው ሌላ ነገር ተመስሎ ነው። 12 በመቶ የሚያስከፍለውን የቤት ብድር ቶሎ ለመጨረስ ኪሱን አራግፎ፣ 120 በመቶ ብድር ውስጥ የሚገባ ሰው ምን አተረፈ?

መጠባበቂያ መያዝም ዋጋ አለው፣ አልክድም። 50,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ብታስቀምጡ በዓመት 3,500 ብር ይወልዳል። ያው ገንዘብ የቤቱን ብድር ቢቀንስ በዓመት 6,000 ብር ወለድ ያድናል። ልዩነቱ 2,500 ብር ነው፣ በወር 200 ብር ትንሽ ፈቅ ቢል። ይህቺ ናት የመጠባበቂያ ዋጋው። እኔ ደስ እያለኝ እከፍላታለሁ። 50,000 ለብዙ ሰው ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከሦስት ወር የቤት ክፍያ ይጀመር። በምሳሌያችን 10,800 ብር መሆኑ ነው።

ለምን ሦስት ወር ካላችሁ፣ የባንኮች ሕግ ቀልድ አያውቅም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። አብዛኛው ባንክ መጀመሪያ ያነጋግራል። ሄዶ ለመነጋገር ግን እጅ ላይ ትንሽ ነገር ሲኖር ነው አንገት ቀና የሚለው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ገቢ እንደ ሰዓት አይሄድም። ቱሪስት ሲጠፋ አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ፒያሳ ዕቃ የሚሸጠው ሁሉ አብሮ ይደርቃል። ማራኪ አካባቢ ክፍል አከራይቶ በኪራዩ የባንክ የሚከፍል ስንት ሰው አለ። ተከራዩ ሲወጣ ክፍያው አይቆምም። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ዕቃ አያስገባም፣ ባንኩ ግን ቀኑን ይቆጥራል። እዚህ ከተማ ባለፉት ዓመታት የኖረ ሰው «መጀመሪያ ዕዳ ጨርስ» ሲባል ፈገግ ቢል አትፍረዱበት።

ስለ እቁብ ምንም አለማለታችሁ ገርሞኛል። እቁብ ቁጠባም ብድርም ነው፣ ልዩነቱን የሚወስነው ዕጣው ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ያለወለድ ተበድሯል። መጨረሻ የወጣለት ያለወለድ አበድሯል። የዋጋ ንረት ባለበት ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው ሰው የሚደርሰው ብር ያው ነው፣ የሚገዛው ግን አንሷል። የብር ምንዛሬ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን ሁላችንም ገበያ ላይ አይተነዋል። ስለዚህ አራጣ ወይም የሱቅ ዱቤ ያለበት ሰው የእቁቡን ዳኛ አስፈቅዶ ዕጣ ቢገዛ ወይም ቢለዋወጥ ያዋጣዋል። ብሩን ይዞ በቀጥታ ወደ አበዳሪው ይሂድ እንጂ ቴሌቪዥን አይግዛ። ዕዳ የሌለበት ሰው ለባለ ዕዳው ሲል ቆይቶ ቢወስድ ደግ ነው፣ ግን ከኪሱ እያወጣ እንደሆነ ይወቅ።

ማንም የማይቆጥረው ዕዳ ደግሞ አለ፣ ዋስ መሆን። መሥሪያ ቤት ውስጥ «እስቲ ፈርሚልኝ» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ይሉኝታ ነውና እንፈርማለን። ተበዳሪው ከተማ ሲለቅ ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጣል። የቤት ብድር እየከፈለ ለሌላ ሰው ዋስ የሚሆን ሰው ሁለት ብድር እንዳለበት አድርጎ ያስላ። እምቢ ማለት ያስቀይማል፣ ግን የማንንም ቤት አያሸጥም።

ስለ ሰርግና ስለ ድግስ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ሰው ብሎታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ለሚል ከተማ ጥር ላይ ቆጥቡ ማለት ነፋስ መገሠጽ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥለት፣ በቃ። ከመጠባበቂያው ግን አይነካ።

የደመወዝ ጭማሪን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሏል፣ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር ደርሷል። ከግብርና ከጡረታ በፊት ማለት ነው። የባንኩ ክፍያ እዚያው በቆመበት ደመወዝ ሲጨምር ዕዳው በተወሰነ ደረጃ ይቀላል። ጭማሪው ግን ዘይትና ጤፍ ውስጥ ገብቶ ሳይታወቅ ያልቃል። ደመወዙ በገባ ቀን ግማሹ ጭማሪ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲዛወር ባንኩን በጽሑፍ ማዘዝ ይቻላል። ለዚያ ሒሳብ የኤቲኤም ካርድ አታውጡ፣ በሞባይል ባንኪንግም አታገናኙት። ካላየነው አንነካውም።

ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የቤት ብድር የሚሰጡትን ባንኮች ጠይቁልን። ደረሰኛቸው ላይ «ለወለድ ይህን ያህል፣ ለዋናው ይህን ያህል፣ ቀሪ ይህን ያህል» ብለው በአማርኛ ለምን አይጽፉም? ሁለተኛ፣ ዕዳን ቀድሞ መክፈል የትኛው ባንክ ዘንድ ቅጣት እንዳለው በሰንጠረዥ አውጡልን። እሱን ገጽ ቆርጬ አስተማሪዎች ክፍል ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት
ማራኪ፣ ጎንደር