የሐረሯ ቤታችን ጣሪያ ወድቋል፤ የወላጆቻችን ሕክምና ግን መቆም የለበትም

የድሬ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ዛሬም ልናስቸግራችሁ ነው። ሰሞኑን በጣለው ዝናብ ሐረር የተከራየናት የታማሚዎች ማረፊያ የወጥ ቤቷ ጣሪያ ተደርምሷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ፍሪጁና ብሌንደሩ ግን ከጥቅም ውጭ ሆኑ። መኝታ ክፍሉም ያፈሳል። አስታማሚዎቹ ለጊዜው ጎረቤት ቤት እያበሰሉ ነው። ጎረቤቶቹን ፈጣሪ ይስጥልን፤ ግን እስከ መቼ?

የቤቷን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። እድራችን የጀመራት አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ የጉሮሮ ካንሰር በተገኘባቸው ጊዜ ነው። እኚህ ሰው አባቴ ናቸው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ እድሩ ኮሚቴ ጸሐፊም እንደ ልጅም ሆኜ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው ሻከረ። ከዚያ እንጀራው አልወርድ አለ፤ በኋላ ውሃውም። እግረ መንገዴን፦ ድምፁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ይየው።

የጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንት ይሰጣል። ድሮ ለጨረር አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ድረስ ነበር የሚኬደው። አሁን ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለልን። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጉሮሮው ለቆሰለ ሽማግሌ ግን የደንገጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ መውጣትና መውረድ አይቻልም። ቤቷን የተከራየነው ለዚህ ነው። ከአባቴ በኋላም ሌሎች የሰፈራችን እናቶችና አባቶች ገብተውባታል፤ አሁንም አሉ።

«ለሕክምና ያዋጣነው ብር ለምን ለፍሪጅና ለብሌንደር ዋለ?» ያላችሁን ሰዎች አለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

ጨረሩ ካንሰሩን ሲመታ ጉሮሮውንም ያቆስላል። ምራቅ መዋጥ ራሱ ያማል። ስለዚህ መዋጥ ላቃተው ሰው ምግቡ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ፣ ወይም ሆድ ላይ በሚተከል ቱቦ ነው የሚሰጠው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ማለት ነው። አጥሚቱ፣ ወተቱ፣ የተቀቀለው እንቁላልና ድንቹ ይፈጫል፤ ከዚያ በወንፊት ይጠለላል። ትንሽ ጓል ካመለጠ ቱቦው ይደፈናል። ተደፈነ ማለት እንደገና ሆስፒታል፣ እንደገና አዲስ ቱቦ ነው። ከምግቡ በፊትና በኋላ ንጹሕ ውሃ በትልቁ ሲሪንጅ ይሰጣል። ታማሚው ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ከተመገበም በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይተኛም፤ አለበለዚያ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የተረፈው ፍሪጅ ካልገባ ይበላሻል፤ የተበላሸ ምግብ ደግሞ ለደከመ ሰው አደጋ ነው። ስለዚህ ብሌንደሩም ፍሪጁም ለእኛ የሕክምና ዕቃ ናቸው።

በደንብ ያልተመገበ ሰው ይከሳል፣ ይደክማል፣ ጨረሩን መቋቋም ያቅተዋል። ጨረር መሃል ላይ ተቋረጠ ማለት ደግሞ ለካንሰሩ ፋታ መስጠት ነው። የቸኮልነው ለዚህ ነው።

ቤቷ የሰጠችን ሌላም ነገር አለ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ብቻቸውን በልተው አያውቁም። ቱቦው ሲገባላቸው ቤት ውስጥ ሁላችንም ከሳቸው ተደብቀን መብላት ጀመርን፤ እሳቸውም ይህን እያወቁ ዝም ይሉ ነበር። ሐረር ግን ታማሚዎቹ በሰዓታቸው አብረው ተቀምጠው ነው የሚመገቡት። «ብስሚላህ» የሚለውም፣ የሚያማትበውም እኩል ይጀምራል። ይህን ስናይ ልፋታችን ሁሉ ተረሳን።

ስለ ሂሳቡ፦ የቤት ኪራዩ እስከ አሁን ያለ ውዝፍ ተከፍሏል። ፍራሽ፣ ሲሪንጅ፣ የታማሚዎች ትራንስፖርት፣ ሁሉም ደረሰኝ አለው። ፋይሉ እድሩ ቤት ነው፤ ማንም መጥቶ ማገላበጥ ይችላል። ከኮሚቴው አበል የሚወስድ የለም። ሐረር የምንመላለሰውም በራሳችን ወጪ ነው። አከራዩም የጣሪያውን ወጪ ቀስ በቀስ ከኪራዩ ሊያስቡልን ተስማምተዋል። ቆርቆሮውንና እንጨቱን ግን አሁን መግዛት ያለብን እኛ ነን።

እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። በየወሩ ቃል ከገባችሁት ብዙዎቻችሁ አቋርጣችኋል። ኑሮው እንደከበደ እኛም እናውቃለን፤ አንወቅሳችሁም። ግን የታመመን መጠየቅ ወንጌልም ያዘዘው ነው፤ በእስልምናም ሐቅ ነው። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰፈር ሲጠርግም ድሬ የተነሳችው ተረዳድታ ነው። አቦ፣ አሁንም እንረዳዳ። ያቋረጣችሁ ከአሁኑ ወር ቀጥሉልን፤ ያለፈውን አንጠይቅም።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው ስም በንግድ ባንክ በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ቁጥሩ የእድሩ ማኅተም ባለበት ማስታወቂያ ላይ አለ፤ ከመላካችሁ በፊት ስሙን አይታችሁ አረጋግጡ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሂሳብ አስተላልፉ። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ። ገንዘብ የሚከብደው ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ የሚሠራ አሮጌ ፍሪጅም ቢሆን እንቀበላለን። አናጺ የሆናችሁም የአንድ ቀን ጉልበት ስጡን።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ ቤት ቁጭ ብለን እንጠብቃችኋለን። በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም ወደተከፈተው ሂሳብ ብቻ። በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም ስም እንዳትልኩ።