ከአጥሩ ሥር ያለው መጭ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በየዓመቱ ችግኝ ይተክላል፤ ዘንድሮም ተክሏል። በዚህ ዘገባ በሰፊው ላነሣው የምፈልገው ግን እኛ ያልተከልነውን፣ እንዳይታጨድ ብቻ የለመንንለትን ተክል ነው።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ መስከረም ላይ ቢጫ አበባ ይፈካል። ልጆቹ አደይ አበባ ነው ሲሉ፣ ማጭድ ይዘው የመጡት የግቢያችን ጥበቃ ሰምተው «መጭ እኮ ነው ልጆቼ! ኑግ ስናርም ስንነቅለው ነው ያደግነው» አሏቸው። ትክክል ናቸው። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱ ይዳቀላሉ። ኑግን ያላመደው ደግሞ የዚህ አገር ገበሬ ነው።

አረም ተጠብቆ ምን ሊረባ ነው? ይህን ጥያቄ ከተማሪዎችም ከመምህራንም ሰምተናል። ገበሬ ከትውልድ እስከ ትውልድ የወደደውን ዘር እየመረጠ ሲዘራ፣ ያልተመረጠው ባሕርይ ከማሳ ውጭ ይቀራል። በሽታን የመቋቋም፣ ድርቅን የመቻል ኃይል በዱር ዘመዶቹ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አዲስ በሽታ ሲመጣ ዘር አዳቃዩ ባለሙያ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው። ከጠፉ ግን መሄጃ የለውም።

ልጆቹ ይህን በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ሰፈራቸው ቅርብ የሆኑ አባላት ክረምቱን እየመጡ ከገበያ የተገዛ ኑግ በመደብ ዘሩ። ሊያብብ ሲል ከፊሉን እምቡጡ ገና ሳይፈነዳ በስስ ነጠላ ጨርቅ ሸፍነው አሰሩት፤ ሌላውን ለንብ ተዉት። ታኅሣሥ ላይ የደረቁትን ራሶች ነጭ ወረቀት ላይ ፈረካከሱ። ካልተሸፈነው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዘር ወረደ። ከተሸፈነው የወጣው በአብዛኛው ባዶ ገለባ ነበር። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር አይቋጥርም፤ ሌላ ኑግና በመካከል የሚመላለስ ንብ ይፈልጋል። በአጉሊ መነጽር ከጎኑ ያስቀመጡት የመጭ ዘር ያነሰ ነው፤ ቅርጹ ግን ወንድማማችነታቸውን አይደብቅም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አራት ኪሎ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ወደሚቀመጡበት ቤት፣ ሄድን። ለእኛ የእግር መንገድ ነው። ተጭነው የደረቁት ዕፅዋት የተሰበሰቡበት ቦታና ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚሰበስቡትን ሁሉ ቦታና ቀን እየጻፉ በካኪ ፖስታ ማስቀመጥ ጀመሩ። ዘር በፌስታል ሲታፈን እንደሚሻግት ነግሬያቸው ስለነበር፣ በደንብ ሳይደርቅ ፖስታ ውስጥ የሚገባ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የሚያስቀምጠውም ደርቆ በብርድ የሚቆይ ዘር ነው። ለዚያ የዘር ባንክ መሠረት ከጣሉት አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘር በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው የሠሩ ሰው ናቸው። የቡናን ጉዳይ ስናነሣ ነገሩ ይበልጥ ገባን። የቡና ዘር እንደ ገብስ ደርቆ በብርድ ብዙ ዓመት አይቆይም፤ ስለዚህ በጅማ ዞን ጮጬ ላይ የሚጠበቀው በቁመናው፣ በዛፍነቱ ነው። በዓለም የሚለማው አረቢካ በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ በመሆኑ የዘረመል ስብጥሩ ጠባብ ነው። ሰፊው ስብጥር ያለው በእኛው ደቡብ ምዕራብ ደኖች ነው። ከእነዚህም የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግበዋል። ደኑ ሲመነጠር ማንም ሰው ያልቀመሰው ቡና አብሮ ይሄዳል፤ በግሌ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አንድ አባላችን ደግሞ ከጉራጌ አገር የመጡትን አያቱን ስለ እንሰት ጠይቆ ነበር። «ከአምቾው ነው የምናፈላው፤ ዘሩን ማን ይዘራዋል?» አሉት፤ አምቾ የእንሰቱ ወፍራም የሥር ክፍል ነው። የዱሩ እንሰት ግን በዘር ይራባል። በዘር ሲራባ ልጅ ከእናቱ ይለያል፤ ስብጥሩ የሚወለደው እዚያ ነው። ይህን ለክፍሉ ያስረዳው ራሱ ልጁ ነው፤ ከእኔ አሳምሮ።

አስተዳደሩ የአጥሩ ጥግ ዘሩ እስኪረግፍ፣ እስከ ጥር፣ እንዳይታጨድ ፈቅዶልናል፤ እናመሰግናለን። ለመጪው ዓመት የጠየቅነው አንድ የብረት ቁም ሳጥን ነው፤ ፖስታዎቹ አሁን ያሉት በቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ ነውና አይጥ ያሰጋቸዋል። ለመደቡ የሚሆን የኑግ ዘር ተለይቶ ተቀምጧል። ክረምቱን መጥታችሁ ለመዝራት የምትችሉ፣ በተለይ የፒያሳና የአራት ኪሎ ልጆች፣ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ።