ዳማ ፈረሳችንን ላሳደራችሁልን ሁሉ

ይድረስ በእንጅባራና በዘንገና ዙሪያ ላላችሁ ወገኖቻችን፤

ጥር 23 ለሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እኔና አባቴ እንጅባራ ነበርን። አባቴ የማኅበሩ አባል ናቸው፤ አያቴም ነበሩ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ዓድዋ በፈረስ የዘመቱትን አባቶች ለማሰብ መሆኑን እየሰማን ነው ያደግን። ቀኑ በጊዮርጊስ መዋሉም ያለ ነገር አይደለም፤ ድሉም የካቲት 23 ነበርና።

አባቴ ሰባን አልፈዋል። «ዘንድሮን ብቻ» ብለው ዳማውን በአያቴ ኮርቻና በቀይ ግላስ አስጊጠው ገቡ። ሰግረው በሰላም ወርደው ልጓሙን ሲያቀብሉኝ የድምፅ ማጉያው ድንገት ጮኸ። ፈረሱ በረገገና ከእጄ አመለጠ። (እውነቱን ልናገርና፣ በአንድ እጄ ስልኬን ይዤ ነበር። አባቴ ይህን ገና አሁን ነው የሚሰሙት።)

በዓላችሁን ትታችሁ እስኪጨልም ከእኛ ጋር የፈለጋችሁ ፈረሰኞች፣ ስማችሁን እንኳ ሳንጠይቅ ተለያየን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዲከረንስ በሚባለው ዛፍ ደን ውስጥ ገብቶ የጠፋ ፈረስ በቀላሉ እንደማይገኝ እያወቃችሁ ነው የደከማችሁት። ያን ሌሊት አባቴ እህል አልቀመሱም። ጅቡን እኔ ነኝ የማስበው፤ እሳቸው ግን «ጊዮርጊስ ራሱ ፈረሰኛ ነው፣ ፈረስ አያስበላም» ይሉኛል፤ ደግሞ መልሰው ደጁን ያያሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ልጅ ዳማውን እየሳበ መጣ። ከዘንገና በኩል በእግሩ ነው የመጣው። «ምነው አልተቀመጥክበትም?» ብለው አባቴ ቢጠይቁት «የሰው ፈረስ ነው» አለ። ኮርቻው ደርቆ፣ የግላሱ ጭቃ ተራግፎ፣ አንድ እርካብ እንኳ ሳይጎድል። የልጁ ወላጆች ፈረሱን በውርጩ ሌሊት ጋቢ አልብሰው፣ ለዘር ካስቀመጡት ገብስ ቆንጥረው አብልተውታል። ወሮታ ይዘን ቤታቸው ብንሄድ ጠላና ድንች አቅርበው፣ ገንዘቡን ኪሳችን መልሰው ሸኙን። የልጁ እናት ጭራሽ ተቆጡ፤ «እንግዳ ያሳደረ ሰው ሒሳብ ይቀበላል?» አሉ። እንግዳው ፈረሱ መሆኑ ነው።

እና አንተ ልጅ፣ አባቴ የከርሞው ጥር 23 ኮርቻ ላይ የምትወጣው አንተ ነህ ብለዋል። እኔ ልጓም እንዳልይዝም ተወስኗል።

ጋቢው እኛው ጋ ቀርቷል። ታጥቦ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይደርሳችኋል።