ጉዳዩ፦ በክረምቱ ልጆቻችን ስለሚያነቧቸው መጻሕፍት

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች
ድሬዳዋ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ካርድ ልትወስዱ የመጣችሁ ዕለት «ልጄ ክረምቱን ምን ያንብብ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ነበራችሁ። ግቢው መሀል ቆመን ፀሐዩ እየጠበሰን ስለነበር ለአንዳችሁም በቅጡ አልመለስኩም። ይህ ደብዳቤ የዚያ ዕዳ ነው።

አስቀድሜ የአምናውን ጥፋቴን ልናዘዝ። አምና አሥራ ሁለት መጻሕፍት ዘርዝሬ «እያንዳንዱን አንብባችሁ በሁለት ገጽ አሳጥራችሁ አምጡ» ብዬ ነበር። መስከረም ላይ ደብተሮቹን ስሰበስብ የአንድ ክፍል ልጆች ጽሑፍ ከነፊደል ስሕተቱ አንድ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ጽፏል፣ ሌላው ገልብጧል። የጻፈውን ልጅ ጠርቼ መጽሐፉን ወደድከው ወይ ብዬ ብጠይቀው «ቲቸር፣ እኔ እኮ ለማሳጠር ነው ያነበብኩት» አለኝ። ልቆጣ የተነሣሁት ሰውዬ አፍሬ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ዘንድሮ ማሳጠር የለም፤ ፈተናም የለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ የሚያነበውን ጮክ ብሎ ለሰው ያንብብ። ለእናቱ፣ ለአያቱ፣ ለታናሽ እህቱ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ጎረቤትም ቢሆን። ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ ከጓደኛው ሊገለብጥ አይችልም። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ምላሱ ይሰናከላል፤ እናንተም ቡናችሁን እያፈላችሁ ትሰሙታላችሁ።

ሰዓቱን እኔ አልነግራችሁም፤ የድሬን ቀን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ጋደም ይላል። አባት ሽርጡን አገልድሞ ያርፋል፣ በርጫ፣ ማለት የጫት መቃሚያ ወግ፣ ያለበት ቤትም በርጫው ይያዛል። ልጁን ግን እንቅልፍ አይወስደውም። ወይ ስልክ ላይ ይተከላል፣ ወይ ሰው ሳያየው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሊጫወት ይሾልካል። የደቻቱን ነገር እግረ መንገዴን አደራ ልበላችሁ። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል የጣለው ዝናብ በድንገት አሸዋውን ሞልቶት ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣውን ጎርፍ እኛ አንረሳውም፤ እነርሱ ግን ገና አልተወለዱም ነበር።

ጎርፉን ካነሣሁ አይቀር ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍሎች ልጀምር። ለእነርሱ የመረጥኩት የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ነው። በግጥም የተጻፉ አጫጭር ምሳሌዎች ናቸው፤ ከእናንተ መካከል ዕድሜያችሁ ገፋ ያለው በቃላችሁ የምታውቋቸው ይኖራሉ። በተለይ አዝማሪውና የውኃ ሙላቱ ያሉበትን ግጥም አስነብቧቸው። ወንዝ ሞልቶበት መሻገር ያቃተው አዝማሪ ዳር ቆሞ ውኃው እንዲጎድልለት ይዘፍንለታል። መንገደኛው ደግሞ የሰማህ ውኃ አልፎ ሄዷል፣ የሚመጣው ሌላ ነው፣ ለማን ትዘፍናለህ ይለዋል። ደቻቱ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያየ ልጅ ይህን ግጥም አስተማሪ ሳያብራራለት ይገባዋል። ለዚህ ነው ከሁሉ አስበልጬ የወደድኩት። ግጥም ስለሆነም ጮክ ብሎ ለማንበብ የተሠራ ያህል ነው።

ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያሉት ገና ፊደሉን እያዋሃዱ ነውና ተረት ይበቃቸዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ሁለት ቅጂ አለን። ነገር ግን ከመጽሐፉ በላይ የምመኘው አያቶችን ነው። በዚህ ከተማ አንዱ ልጅ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ ይማራል፤ ማታ አንድ ደጅ ላይ ሲቀመጡ ግን ሦስቱም ይቀላቀላሉ። ሐረሪ የሚነገርበት ቤትም አለን። አያት በየትኛውም ቋንቋ ተረቱን ይንገሩ፤ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ይጻፈውና መስከረም ላይ ያምጣልኝ። ግዴታ አይደለም። የሚያመጣ ከተገኘ ግን በሰልፍ ሰዓት ራሴ አነብለታለሁ።

ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» አስቤያለሁ። መጀመሪያ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። አጭር ነው፤ አማርኛው ግን የዛሬ አይደለም፣ በየገጹ የሚያስቆም ቃል አለው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ትወጣለች፤ ሴት ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ደራሲው እዚሁ ድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለት የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ሆኖ ሠርቷል። ለልጆቹ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ አዲስ አበባ የሚኖር ይመስላቸዋል። ሰውየው ኋላ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን መቆሙ ሌላ ወሬ ነው፤ እሱን ለታሪክ መምህራችን ትቼዋለሁ።

ነጋድራስ ካልን ሌላም አለ፤ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የተባሉት ጸሐፊም እዚሁ ድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ ታተመ። ስለ ንግድና ስለ ዕውቀት የጻፉት ዛሬም ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቆሞ ለሚያስብ ሰው ይሠራል። እውነቱን ለመናገር ይህን የምመክረው ለልጆቹ ሳይሆን ለአባቶች ነው። ነጋዴ የሆናችሁ ሞክሩት።

ከዘጠነኛ በላይ ላሉት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አልኳቸው። ከ500 ገጽ ያልፋል። «አቦ፣ ቲቸር፣ ይሄን ማን ይጨርሰዋል?» ብለውኛል። አንዳንዶቹም በቴሌቪዥን ድራማውን አይተነዋል ብለው ሊያመልጡ ፈለጉ። ድራማውን ማየት ነውር የለውም፤ ግን ጉዱ ካሳ በሐዲስ ዓለማየሁ አማርኛ ሲናገር የሚያስቀውን ሳቅና የሚያሳስበውን ሐሳብ ገጹ ላይ ነው የምታገኙት። አንድ ብልሃት አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ቅጂ ዛሬ በስልክ ይገኛል። ልጁ መጽሐፉን ገልጦ ይዞ ትረካውን ያዳምጥ። እናንተ ያኔ በሬዲዮ የተከታተላችሁት ደግሞ አብራችሁ ስሙት፤ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባ ዕለት ልጁ ራሱ ቀጥሉ ይላችኋል።

አሁን ደግሞ ስለ ውሰት። ቤተ መጻሕፍታችን ክረምቱን ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 ክፍት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ያቃጥላል። ልጆች የማይዋሱት ስለማይወዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ አንዲት እናት ነገሩኝ፤ «ቢጠፋ ምን እከፍላለሁ ብዬ እኔው ነኝ እንዳይዋስ የከለከልኩት» አሉ። ልክ ናቸው፤ ለጠፋ መጽሐፍ ዋጋውን እጥፍ የምናስከፍለው እኛ ነበርን። ስለዚህ በዚህ ክረምት ቅጣት አንሥተናል። የተቀደደ ይመጣ ይሆናል፣ ሻይ የፈሰሰበትም ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣ። መደርደሪያ ላይ አዲስ ሆኖ ከሚያረጅ ይሻለኛል። ሆን ተብሎ የተሸጠ ከሆነ ግን እንነጋገራለን።

አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ይወስዳል። ሲመልስ መዝገቡ ላይ «ለማን አነበብክ?» የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ የሰሚው ስም ይጻፋል። ፊርማ አያስፈልግም። ስሙ «አያቴ» ቢሆንም ይበቃል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ያለን አራት ብቻ ስለሆነ ወረፋ ይኖራል። ከእናንተ ቤት የቆየ ቅጂ ያለው ሰው ቢያውሰን እስከ መስከረም በአደራ እንይዘዋለን። የመጀመሪያው የውሰት ቀን ሐምሌ ወር ሲገባ የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ልጆቹ መታወቂያቸውንና፣ ዝናብ ቢጥል መጽሐፉን የሚጠቀልሉበት አንድ ፌስታል ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር