ዋይልድ ካርድ የዕድል ጉዳይ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ሁልጊዜ ከስፖርት ገጹ ጀምሬ የማነብ ሰው ነኝ። ስለ ሜዳ ቴኒስ ስትጽፉ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል፤ በአገራችን ጋዜጦች ቴኒስ የሚወጣው ከእግር ኳስና ከአትሌቲክስ የተረፈ ጥግ ሲገኝ ነውና። በቅርቡ ባወጣችሁት ዘገባ «ዋይልድ ካርድ» የሚለውን፣ ማለትም የውድድር አዘጋጅ በራሱ ምርጫ ለተጫዋች የሚሰጠውን መግቢያ፣ «የዕድለኞች መግቢያ» ብላችሁ ተርጉማችሁታል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ትርጉም ነው። ዕድል ሲባል ለአንባቢ የሚታየው ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ሰው አይመርጥም። ዋይልድ ካርድን ግን የሚሰጥ አካል አለ፤ የሚሰጥበት ምክንያት አለ፤ በዚያ ምክንያት ቦታውን የሚያጣም ሰው አለ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በአራቱ ግራንድ ስላሞች፣ ማለትም በቴኒስ ታላላቆቹ ውድድሮች በአውስትራሊያ ኦፕን፣ በፓሪሱ ሮላንድ ጋሮስ፣ በለንደኑ ዊምብልደንና በኒውዮርኩ ዩኤስ ኦፕን፣ በነጠላ ውድድር ዋናው ድልድል ውስጥ 128 ተጫዋቾች ይገባሉ። 104ቱ የሚገቡት በዓለም ደረጃቸው ነው። 16ቱ አስቀድሞ በሚካሄደው ማጣሪያ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ይገባሉ። የቀሩት ስምንት ቦታዎች የአዘጋጁ ናቸው፤ ዋይልድ ካርድ የሚሰጠው በእነዚህ ነው፤ ለወንዶች ስምንት፣ ለሴቶች ስምንት። በደረጃ የሚገቡት ሰዎች ዝርዝር የሚዘጋው ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ይህችን ስድስት ሳምንት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ከ128 ውስጥ ስምንት ቦታ ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ2025 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዊምብልደን ላይ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ የተሰናበተ ተጫዋች 66,000 ፓውንድ ተከፍሎታል። በዚያው ዓመት ዩኤስ ኦፕን ለተመሳሳይ ሽንፈት 110,000 ዶላር ከፍሏል። ደረጃው ከመቶኛ ወዲያ ለሆነ ተጫዋች ይህ ገንዘብ የአሠልጣኝ ደመወዝ ነው፣ የአውሮፕላን ትኬት ነው፣ የወራት የሆቴል ሒሳብ ነው። ስምንቱ ካርዶች ባይኖሩ እነዚያ ቦታዎች በደረጃ ተራ ለሚከተሉት ስምንት ሰዎች ይደርሱ ነበር። እነዚያ ስምንት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ተመልካች በሌለው ሜዳ፣ ከአገር አገር እየዞሩ ነጥብ ሲለቅሙ ከርመው፣ በር ላይ ሲደርሱ «እናንተ በማጣሪያ ግቡ» ይባላሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ ከአንድ ሰው እጅ የተወሰደ ቦታ ነው። ስማቸው በዘገባ ላይ ስለማይወጣ እንጂ እነሱም አሉ።

የፈረንሳይዋ ሎይስ ቧሶን ታሪክ ይህን ነገር ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ያሳያል። በ2024 ጥሩ ስትጫወት የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ለሮላንድ ጋሮስ ካርድ ሰጣት። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ወራት ከሜዳ ራቀች፤ ደረጃዋም አሽቆለቆለ። በ2025 ፌዴሬሽኑ አልረሳትም፤ ካርዱን በድጋሚ ሰጣት። በዓለም 361ኛ ሆና ገባች። በአራተኛው ዙር የዓለም ሦስተኛዋን ጄሲካ ፔጉላን፣ በሩብ ፍጻሜው ስድስተኛዋን ሚራ አንድሬቫን አሸነፈች፤ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በኮኮ ጎፍ ተሸነፈች። ያን ሰሞን ጨዋታዋን ያየ ሰው ዋይልድ ካርድ ይቅር የሚል አፍ አይኖረውም።

ዊምብልደን የተጀመረው ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ቧሶን በአንድ ጊዜ ወደ 65ኛ ደረጃ ወጥታለች። በ65ኛ ደረጃ ያለ ተጫዋች በቀጥታ ነው የሚገባው። የእሷ ነጥብ ግን የመጣው ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ስድስት ሳምንት እዚህ ላይ ትመጣለች። ካርድ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍተት ነው ብሎ የማያምን ማን አለ? ዊምብልደን አልሰጣትም። ከሴቶቹ ስምንት ካርዶች አብዛኞቹ ለእንግሊዛውያን ተሰጡ፤ አንዱ ደግሞ በ2011ና በ2014 ዋንጫውን ላነሣችው ለፔትራ ክቪቶቫ የስንብት ሆነ። ክቪቶቫ ይገባታል፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። ቧሶን ግን ከዋናው ሜዳ ርቆ ሮሃምፕተን በሚባለው ሰፈር ወደሚካሄደው ማጣሪያ ወርዳ በመጀመሪያው ጨዋታ በካናዳዊቷ ካርሰን ብራንስታይን ተሸነፈች። ሜዳ ላይ ተሸንፋለችና በውጤቱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፓሪስ ላይ 361ኛ ሆና በሩ የተከፈተላት፣ ለንደን ላይ 65ኛ ሆና የተዘጋባት፣ በሁለቱም ጊዜ ትልቁን ሚና የተጫወተው ፓስፖርቷ ነው።

ዊምብልደን ይህን አይደብቅም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ካርዱ የሚሰጠው ተጫዋቹ ቀድሞ በዚያ ሜዳ ላስመዘገበው ውጤት ወይም የእንግሊዝን ተመልካች ፍላጎት ለመጨመር መሆኑን፣ ውሳኔውም የኮሚቴው መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ክለብ የግል ክለብ ነው። ባለቤት ቤት ያፈራውን ለፈለገው ያቀርባል፤ ይህ ክርክር ይገባኛል። ከውድድሩ የሚተርፈው ገንዘብ የአገሩን ቴኒስ ማሳደጊያ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ግራንድ ስላም የአንድ አገር ሻምፒዮና አይደለም። የዓለም ደረጃ ነጥብ ይሰጥበታል። ነጥቡ የዓለም ከሆነ፣ ነጥቡ የሚገኝበት በር የጓዳ በር መሆን የለበትም።

በይበልጥ የሚከነክነኝ ግን የሦስቱ ፌዴሬሽኖች ልውውጥ ነው። የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ፌዴሬሽኖች በስምምነት አንዱ ለሌላው በየዓመቱ አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት ካርድ ይሰጣሉ። ዊምብልደን በዚህ ስምምነት ውስጥ የለም። አውስትራሊያ ላይ ከስምንቱ ካርድ አንዱ ለፈረንሳይ፣ አንዱ ለአሜሪካ ይሄዳል፤ ፓሪስና ኒውዮርክም ላይ እንዲሁ። የሚለዋወጡት የሚለዋወጡት ነገር ስላላቸው ነው። ግራንድ ስላም የሌላት አገር በምን ትለዋወጥ? የአርጀንቲና፣ የካዛክስታን፣ የቱኒዚያ ወይም የኬንያ ልጅ ፌዴሬሽኗ ምን ይዞ ገበያ ይውጣላት? ላለው ይጨመርለታል እንደተባለው፣ ምርጥ አሠልጣኝ፣ ምርጥ ሜዳና ምርጥ ሐኪም እቤቱ ድረስ የመጣለት ልጅ ነው ካርዱንም የሚያገኘው።

ኬንያን በከንቱ አልጠራሁም። በ2022 ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶይ ዊምብልደን ላይ በታዳጊ ሴቶች ጥንድ ውድድር ከኔዘርላንዳዊት ጓደኛዋ ጋር ዋንጫ አነሣች። ከአገሯ በታዳጊዎች ግራንድ ስላም ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ናት። ቴሌቪዥን ላይ ሳያት እንባዬ መጣ፤ ከእኛ ድንበር ወዲያ ያለች ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ በውስጤ ይመላለሳል። ይህች ልጅ ፈረንሳይ ወይም አሜሪካ ብትወለድ ኖሮ፣ በዋናው ድልድል አንድ ቀን ራሷን እንድታሳይ ስንት በር ይከፈትላት ነበር?

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚሰማኝ ልንገራችሁ። በልጅነቴ እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ ክለብ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። ቴኒስ የተማርኩት አባላቱ ከሄዱ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ባለችው ሰዓት፣ ክሩ በተበጠሰ ራኬት ነው። አንድ ጊዜ ለወጣቶች ውድድር አንድ ቦታ ጎደለ። እኛ ኳስ አቀባዮች እርስ በርሳችን እንድንጋጠምና አሸናፊው እንዲገባ ተነገረን። አሸነፍኩ። እናቴ ነጭ ቁምጣ ከጎረቤት ተውሳ አጥባ አሰጣችልኝ። በማግስቱ ስሄድ ቦታው ራኬት ከያዘ ዓመት ላልሞላው ለአንድ አባል ልጅ ተሰጥቷል። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ያን ቀን ኳስ ያቀበልኩትም እኔ ነኝ። ምክንያቱን የነገረኝ ሰው ግን የለም። አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፤ ያ ዝምታ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ቁምጣውን ሳይለበስ ለጎረቤት የመለሰችው እናቴም ምንም አልተናገረችም።

ካርዱ ይቅር ከሚሉት ወገን ግን አይደለሁም። በ2001 ጎራን ኢቫኒሴቪች 125ኛ ሆኖ በዊምብልደን ካርድ ባይሰጠው ኖሮ፣ ሦስት ጊዜ በፍጻሜ የተሸነፈበትን ሜዳ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያሸንፍበት ይቀር ነበር። ያ የሰኞ ፍጻሜ፣ ፓት ራፍተርን በአምስተኛው የጨዋታ ክፍል 9 ለ 7 ያሸነፈበት፣ ለእኔ በቴኒስ ካየኋቸው ቀናት ሁሉ ትልቁ ነው። በ2009 ኪም ክላይስተርስ ልጅ ወልዳ ስትመለስ ደረጃ የሚባል አልነበራትም፤ ዩኤስ ኦፕን በካርድ አስገባት፣ ዋንጫውንም ወሰደች። ልጅ ወልዶ ለተመለሰ፣ ከጉዳት ለተነሣ፣ እንደ ቧሶን በስድስቱ ሳምንት መካከል ለደመቀ ካርድ ይሰጥ። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ማንም ሰምቶ የሚቀበላቸው።

ችግሩ ለአራቱም የሚሠራ ምክንያት የትም ተጽፎ አለመቀመጡ ነው። በ2017 ማሪያ ሻራፖቫ የተከለከለ መድኃኒት በመጠቀሟ የተጣለባትን የ15 ወር ቅጣት ጨርሳ ተመለሰች። የፈረንሳይ ፌዴሬሽን፣ ካርድ ከጉዳት ለሚመለስ እንጂ ከቅጣት ለሚመለስ አይሰጥም ብሎ ከለከላት። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዩኤስ ኦፕን ሰጣት። ማናቸው ልክ እንደሆኑ አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ ከፓሪስ ጋር ነኝ። ግን አንዲት ተጫዋች፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ካርድ፣ ሁለት መልስ። በ2025 ደግሞ ዩኤስ ኦፕን የድብልቅ ጥንድ ውድድሩን ወደ 16 ቡድን ቀንሶ ግማሹን፣ ስምንቱን፣ በግብዣ ሞላው፤ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። በነጠላ ስመ ጥር የሆኑ ኮከቦች እንዲሰበሰቡ ተብሎ በጥንድ ጨዋታ የሚተዳደሩት አብዛኞቹ ውጭ ቀሩ። ዋንጫውን ያነሡት ግን የጥንድ ጨዋታ ሰዎች የሆኑት የ2024 ባለድሎች፣ ጣልያናውያኑ ሳራ ኤራኒና አንድሪያ ቫቫሶሪ ናቸው።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ዋይልድ ካርድን የምናውቀው በአትሌቲክስ ነው። በዓለም ሻምፒዮና አንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት አትሌት ታሰልፋለች፤ የዓለም ሻምፒዮኗ የእሷ ከሆነች አራተኛ ይጨመርላታል። ለተሰንበት ግደይ በ2022 ኦሪገን ላይ በ10,000 ሜትር ስላሸነፈች በ2023 ቡዳፔስት ላይ አራት ሆነን ቆምን፤ ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበትና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገቡ። ያንን ካርድ ማን ሰጠ ብሎ የጠየቀ የለም፤ በሩጫ የተገኘ ነው። ቴኒስም ውስጥ መንገዱ ያለ ነው። አውስትራሊያ ኦፕን ለእስያና ፓስፊክ ተጫዋቾች ውድድር አዘጋጅቶ ለአሸናፊው ካርድ ሲሰጥ ኖሯል። የአሜሪካ ፌዴሬሽንም አንዳንዱን ካርድ በተወሰኑ ሳምንታት ብዙ ነጥብ ለሰበሰበ፣ ከ18 ዓመት በታች የአገሪቱ ሻምፒዮን ለሆነም ይሰጣል። ለአፍሪካ እንዲህ ያለ አንድ ውድድር፣ አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት ካርድ፣ ከአራቱ በአንዱ እንኳ ቢዘጋጅ ምን ይጎድልባቸዋል? ከሚለዋወጡት ውስጥ አንዱን ቢያነሡ ይበቃል።

ከእናንተ የምጠይቀው ግን ከዚህ የቀለለ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የካርድ ዝርዝር ሲወጣ «ዕድለኞቹ እነሆ» ብላችሁ አትለፉት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አገሩን፣ ደረጃውን፣ ካርዱ የተሰጠበት ምክንያት ተነግሮ ከሆነም ምክንያቱን አስፍሩ። ካልተነገረም «ምክንያቱ አልተገለጸም» በሉ። ከሥሩ ደግሞ በደረጃ ተራ ሊገቡ ሲሉ የቀሩትን የስምንቱን ስም ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከአዲስ አበባ