እንድሸሽ ላልተባበራችሁኝ ሁሉ፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ሰላም ወገኖቼ። የተሳፈርኩበት አውቶብስ ሌሊት ከከባድ መኪና ጋር ከተጋጨ በኋላ ስትደውሉ ለነበራችሁ፣ ስልክ ሳላነሳ ስቀር ሳትቀየሙ ደግማችሁ ለደወላችሁ፣ በጸሎት ላሰባችሁኝ፣ ዛሬ በደህና ጊዜ ላመሰግናችሁ ነው የመጣሁት። ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደሞ እንደዛን ጊዜው ጠያቂ ለመሸኘት አይደለም፣ የምሬን ደህና ነኝ፣ እተኛለሁ፣ መንገድ እሻገራለሁ፣ አውቶብስ ውስጥ መስኮት ጋ ቁጭ ብዬ እሄዳለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የእግሬን ነገር ነው። እግሬ ተሰበረ፣ ጀሶ ገባ፣ ዳነ፣ ለአጥንት ሐኪሞቹና ለነርሶቹ ምስጋናዬ አያልቅም። ያልዳነው ሌላው ነበር። ጀሶው ተፈትቶ ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሲለኝ እኔ ገና ሌሊት ሌሊት እዛው መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ዓይኔን ስጨፍን የከባድ መኪናው መብራት ይመጣል፣ ናፍታ ሲሸተኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ በር በኃይል ሲዘጋ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ፣ ቀን ደሞ ምንም አይሰማኝም፣ የምወደው ሰው አጠገቤ ሲስቅ ራሱ እኔ እዛ የሌለሁ ይመስለኛል። ከዛ ፌርማታ ላይ ቆሜ ያለምንም ምክንያት ልቤ ይመታና እጄ ይደነዝዛል፣ በቃ መሞቴ ነው እላለሁ። ልቤ ተመረመረ፣ ምንም የለውም። ምንም የለሽም መባል ደሞ ለታመመ ሰው እንዴት እንደሚከብድ ያየው ያውቀዋል።

መጀመሪያ ማመስገን የምፈልገው ሳይካትሪስቱን፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሜን ነው። ዶክተር፣ ሳልጨርስ ስላላቋረጡኝ አመሰግናለሁ። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደንገጥም እንቅልፍ ማጣትም የብዙ ሰው ነው፣ አብዛኛው ሰው በራሱ ጊዜ ይረጋጋል፣ ከ1 ወር አልፎ ሲቆይና ኑሮን ሲያውክ ግን ፒቲኤስዲ ይባላል፣ ሕክምናም አለው ያሉኝ ቀን ከክፍልዎ ስወጣ እያለቀስኩ ነበር፣ ግን ከደስታ ነው። ይሄ ስም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው ሲሉኝ ገረመኝ፣ ጦርነትና አደጋ ስንት ዘመን ሰው ሲጎዳ ኖሮ! ያ ፌርማታ ላይ የሚይዘኝ ደሞ ፓኒክ አታክ እንደሆነና በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ደርሶ እንደሚወርድ የነገሩኝም እርስዎ ነዎት።

ከዛ በፊት አንድ ቦታ ለእንቅልፍ ዲያዜፓም ተሰጥቶኝ ነበር፣ ማታ ማታ ያስተኛኛል፣ ጠዋት ግን ሁሉም ነገር እዛው ነው። ዶክተሩ በትዕግስት አስረዱኝ፣ እነዚህ ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች ሱስ የማስያዝ ችግር አለባቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለሚመጣው ድንጋጤ ለአዋቂዎች እንዳይሰጡ ብሏል። እሱን ቀስ ብለን ቀንሰን አቆምንና ሰርትራሊን የሚባል የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ጀመርኩ። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ለፒቲኤስዲ ያጸደቃቸው ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን ናቸው፣ ሌሎችም ሐኪም የሚያዛቸው አሉ። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሻል፣ እረፍት ይነሳል፣ ለውጡ ደሞ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ይሄን ቀድመው ባይነግሩኝ ወዲያው እጥለው ነበር። የምትወስዱ ሰዎች ካላችሁ በራሳችሁ ድንገት እንዳታቋርጡ፣ ማቆሙም ከሐኪም ጋር ቀስ እየተባለ ነው።

አሁን ወደ ቴራፒስቴ፣ በንግግር ወዳከሙኝ ባለሙያ ልምጣ። እህቴ ብዬ ብጠራዎት ደስ ይለኛል ግን አክብሮቴ አይፈቅድልኝም። እርስዎ ጋ ስመጣ የፈለኩት የሚያስረሳኝ ሰው ነበር። እርስዎ ግን እንዳስታውሰው፣ ያውም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድነግርዎት ጠየቁኝ። ፕሮሎንግድ ኤክስፖዠር ይባላል፣ ኤድና ፎአ የምትባል የሥነ ልቦና ምሁር ያዳበረችው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዱ እስከ 90 ደቂቃ ድረስ። ዓይን ጨፍኖ፣ የሆነውን ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ መናገር ነው። "አውቶብሱ ውስጥ ነኝ፣ ጨለማ ነው፣ መብራት እያየሁ ነው" እያልኩ። ከዛ እንደገና። ከዛ እንደገና። ድምፄ ይቀረጻል፣ ቤት ሄጄ በየቀኑ ራሴን እሰማለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ሊብስብሽ ይችላል ብለው ስላስጠነቀቁኝ ሲብስብኝ አልጠፋሁም። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ይበቃል ብለው በመሃል ስላላስቆሙኝ፣ ግን ደሞ ጭንቀትሽ ከ0 እስከ 100 ስንት ነው እያሉ አንዴም ብቻዬን ስላልተዉኝ አመሰግናለሁ። ሰው እያለቀሰ ሲያዩ ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አሁን ነው የገባኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለሱ ስል ነው። ቅዠቴ ሁሌ የሚቆመው የግጭቱ ድምፅ ላይ ነበር። እዛ ላይ እነቃለሁ። ቀን ሲመጣብኝም እዛ ላይ ሳቋርጠው፣ ሬዲዮ ስከፍት፣ ሰው ጋ ስደውል፣ ከቤት ስወጣ ነበር። ስለዚህ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ያ አደጋ ገና አላለቀም፣ ሁሌ እየተጋጨን ነው። ቴራፒ ላይ ግን ድምፁን አልፌ መናገር ነበረብኝ። አልፌ ስሄድ ሰዎች አሉ! መስታወቱን በድንጋይ የሰበረ ወጣት አለ፣ እግሬ እንዳይነካ ከሥር ሆኖ የደገፈኝ ሰው አለ፣ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰኝ አለ፣ "አይዞሽ፣ ወጥተሻል፣ አልቋል" እያለች ጆሮዬ ላይ የምትደጋግም ሴት አለች። እነዚህን ሰዎች አላመሰገንኳቸውም ነበር እኮ፣ ምክንያቱም ታሪኩን እነሱ ጋ ሳላደርሰው ነው የኖርኩት። ስማችሁን አላውቅም። በዛ ሌሊት ከመኪናችሁ ወርዳችሁ ወደኛ የሮጣችሁ ሁሉ፣ እናንተ ናችሁ ያወጣችሁኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

እህት አለም፣ አሁን ተራው የአንቺ ነው። ከአደጋው በኋላ እኔን ለመጠበቅ ያልሆንሽው የለም። ዜና ሲጀምር ቲቪውን ትዘጊያለሽ፣ ሱቅ አንቺ ትሄጃለሽ፣ መንገድ በትልቁ አስፋልት እንዳይሆን ዙሪያ ትወስጂኛለሽ፣ "ምንም አይፈጠርም አይደል?" ብዬ በቀን ስንቴ ስጠይቅሽ ስንቴ ትመልሺልኛለሽ። ያ ፍቅር ነው፣ ማንም ሌላ ስም አይሰጠውም። ቴራፒስቷ አንቺንም አስጠርታ ስትነግርሽ ግን፣ ፍርሃት ከሸሹት እየሰፋ ይሄዳል፣ ዛሬ ትልቁን አስፋልት፣ ነገ ትንሹን፣ ከዛ በሩን፣ ብላ ስትነግርሽ ፊትሽን አየሁት። ከዛን ቀን ጀምሮ ያደረግሽው ከበፊቱ አሥር እጥፍ ይከብድ ነበር። አብረን ዝርዝር ጻፍን፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ የቆመ አውቶብስ ማየት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ውስጡ መቀመጥ፣ በቀን አጭር መንገድ፣ ከዛ ረጅም፣ መጨረሻ ላይ በማታ። የቆመው አውቶብስ ውስጥ እንውረድ ብዬ ክንድሽን ስቧጥጥ "ትንሽ እንቆይ፣ እኔም አለሁ" ብለሽ ቁጭ አልሽ። ፍርሃቱ ሳልወርድ ሲቀንስ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። በኋላ ደሞ "ብቻሽን ሂጂ" ብለሽ ፌርማታው ላይ የቀረሽ ቀን ከእኔ ይልቅ አንቺ ምን ሆነሽ እንደዋልሽ እማዬ ነግራኛለች። እግዚአብሔር ያክብርሽ የኔ እናት።

የመሥሪያ ቤቴ ጓደኛ፣ አንተን ደሞ ሰው አይተህ እንድትስቅ ሳይሆን ሰው እንዲያውቅልህ ነው የምጽፈው። ለፓኒኩ የተሰጠኝ የቤት ሥራ ልቤ እንዲመታ ሆን ብሎ ማድረግ ነበር፣ ደረጃ ሮጦ መውጣት፣ በቀጭን ስትሮ መተንፈስ፣ ወንበር ላይ መሽከርከር፣ የልብ ምትና ማዞር ሞት እንዳልሆነ ሰውነቴ እንዲማር። ምሳ ሰዓት ላይ ደረጃውን አብረኸኝ ትሮጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርክም። አለቃችንም በየሳምንቱ ለቀጠሮዬ ምክንያት ሳትጠይቂ ስለለቀቅሽኝ አመሰግናለሁ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ መስኮቱ ጋ መቀመጥ እፈልጋለሁ አለችኝ፣ ተቀያየርን። እሷ አልተረፈችም። ይሄን ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም፣ ውስጤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋገመው፣ የሷን ዕድሜ ነው የምኖረው የሚል። እዚህ ጋ ቴራፒስቴ ሲፒቲ ከሚባለው ሕክምና ጥያቄዎች አመጣችልኝ፣ ፓትሪሺያ ሪሲክ የጀመረችው ነው፣ ብዙ ጊዜ 12 ክፍለ ጊዜ ያህል ነው፣ ሰው ከአደጋ በኋላ ስለራሱና ስለዓለም የያዘውን ሐሳብ በወረቀት ጽፎ ማስረጃውን መመርመር ነው። ወንበር ስትቀያየሩ ምን ታውቂ ነበር? ከባድ መኪናው እንደሚመጣ ታውቂ ነበር? ለምን ቀየርሽላት? ብላ ጠየቀችኝ። መልሴ፣ ልጅቷ ስለጠየቀችኝ፣ ደስ እንዲላት ብዬ የሚል ነበር። ይሄን በእጄ ስጽፈው ነው የገባኝ። ሐዘኑ አልሄደም፣ መሄድም የለበትም፣ ጥፋተኛነቱ ግን ሄደ። እናቷ፣ እማማ፣ በመጨረሻ እርስዎ ጋ መጥቼ ስነግርዎት እቅፍ አድርገው "ጉዞውን በደስታ እያየች ነበራ" ያሉኝን እስክሞት አልረሳውም። ልጅዎን ነፍሷን በገነት ያኑርልን። እርስዎን ማመስገን የምችልበት ቃል የለኝም፣ ግን ዝም ማለትም አልቻልኩም።

የአውቶብሱ ረዳት ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አንተም እንደኔ ስትሆን እንደነበር መች አወቅኩ። አንተ የዳንከው በሌላ መንገድ ነው፣ ኢኤምዲአር በሚባለው፣ ትዝታውን በአእምሮ ይዞ የቴራፒስቱን ጣት በዓይን ወዲህ ወዲያ በመከተል። ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረችው ነው። የዓይን እንቅስቃሴው ራሱ ምን ያህል ድርሻ አለው የሚለው ላይ ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ፣ ሕክምናው ግን በዛው በ2013ቱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ላይ ከሚመከሩት አንዱ ነው። ስለዚህ እኔ የሄድኩበት ብቻ ነው መንገዱ አልልም፣ አንዱ ያልሆነለት ሌላው ይሆንለታል፣ መድኃኒት የማይፈልግም አለ፣ ሁለቱንም የሚፈልግም አለ። ግን ሁለታችንም የሄድንባቸው ሕክምናዎች ላይ ያየሁት አንድ ነገር፣ ትዝታውን ከመሸሽ ይልቅ ወደሱ መቅረብን ማገዛቸው ነው።

ጠንከር በይ፣ እርሺው ላላችሁኝ ደሞ፣ በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ቅሬታም የለኝም። ግን ለሌላ ሰው አትበሉት፣ እባካችሁ። ለመርሳት ያልሞከረ የለም፣ የሚያደክመውም እሱ ነው። ሰውየው ገና ሳይዘጋጅ "ንገረን፣ አውጣው" ብሎ መጫንም እንደዛው ነው፣ ከአደጋ ማግስት አንዴ ሰብስቦ ሁሉንም ማስወራት ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል ጥናቶች አሳይተዋል። በዛ ሰዓት የሚያስፈልገው የሚያርፍበት ቦታ፣ ውሃ፣ ቤተሰቡን የሚያገኝለት ሰው ነው፣ መናገር ከፈለገ የሚሰማው።

በውስጥ መስመር "እኔም እንዳንቺ ነኝ" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ብቻችሁን አይደላችሁም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም እንደነበረበት ገምቷል፣ ሕክምና የሚያገኘው ደሞ ከ4 ሰው 1 ያህሉ ብቻ ነው። ሳይኮሎጂስት በቅርብ ለሌላችሁ፣ ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባል በ5 ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ እገዛ አለ፣ የሠለጠነ ተራ ሰው ሊሰጠው እንዲችል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፣ ጤና ጣቢያም እርዳታ ድርጅትም ጋ ጠይቁ። ሐኪም ጋ ስትደርሱ "ትራውማ ላይ ያተኮረ ቴራፒ ትሰጣላችሁ?" በሉ፣ አሰቃቂ ክስተት የተወውን ጉዳት የሚያክም ማለት ነው፣ እንደዚህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሕይወታችሁን ስለማጥፋት የምታስቡ ካላችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

በዛ አውቶብስ ውስጥ አብረን የነበርን፣ ከናንተ ውስጥ ገና መንገድ መሻገር ያቃተው ካለ ጻፉልኝ፣ ረዳቱም እኔም አለን። ለመጀመሪያው ቀጠሮ አብረናችሁ እንሄዳለን፣ እስክትጨርሱም ውጪ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።